ሃያ ሦስት ገጽ ብቻ

ጥር 7 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። የምጽፍልዎ ፈርቼ ነው፤ ምን እንደፈራሁ ግን ዛሬ የምነግርዎ አይመስለኝም። ስለዚህ በሰላምታው ልጀምር።

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ባሉበት አገር እግርዎን እንቅፋት አያግኘው፤ የሚያገኙት ሰው ሁሉ ፊቱ ይፈታልዎ፤ በሰላም ለመገናኘት ያብቃን። እኔ ደህና ነኝ። እትዬም ደህና ናቸው። ባለፈው ሳምንት በአንድ ቀን አራት ልጅ ተቀበሉ፤ ሁለቱ መንታ ስለሆኑ «ያደከሙኝ ሦስት እናቶች ብቻ ናቸው» እያሉ ሲስቁ ዋሉ። ወገባቸውን ግን ያማቸዋል። ደረጃ ሲወጡ ግድግዳውን ይይዛሉ፤ እኔ ካየኋቸው ይለቁታል።

የክሊኒኩ ካርድ ክፍል እርስዎ እንደተዉት ነው። የጠረጴዛው አንድ እግር አሁንም ያነክሳል፤ አጥፈው ከሥሩ ያደረጉለት ካርቶን አለ። ኮምፒዩተሯም አለች፤ ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ፊደል፣ ማውስ የላት፣ ሥዕል የላት። «ይቺ ማሽን እንዳንቺ ናት፤ በጽሑፍ ካልጠየቋት አትናገርም» ያሉኝን አልረሳሁም። ጣሪያው አፍስሶ የልደት መዝገቦቹ የሻገቱ ጊዜ ገጹን ሁሉ አብረን ስካን አድርገን ሲዲ ላይ ጻፍነው። ሻጋታው ለአራስ ልጅ ደግ አይደለም ተብሎ ወረቀቱ ተቃጠለ። አሁን የዚህ ሰፈር ሰው ሁሉ መወለዱ የተጻፈው በዚያ በአንድ ሲዲ ላይ ነው። የሚያውቁትን ነገር ለምን እንደምጽፍልዎ አላውቅም። ሰሞኑን ከሐሳቤ አልወጣ ስላለኝ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ለእውቀት ያህል ነው። ሲዲ ላይ የተጻፈ ነገር ሊጠፋ ይችላል? ማለቴ፣ ትናንት የነበረ ገጽ ዛሬ ላይኖር ይችላል? መልሱ «አዎ» ከሆነ ቀስ አድርገው ይንገሩኝ።

የካርድ ክፍሏ ልጅዎ


ጥር 24 ቀን

ለጭምቷ ልጃችን፣

ሰላምታዬ ከፖስታው ቀድሞ ይድረስሽ። ዕድሜና ጤና ከደፋር አንደበት ጋር ይስጥሽ፤ የመጨረሻውን በተለይ አጥብቄ እለምንልሻለሁ።

«የተከበሩ» እና «እርስዎ» እያልሽ ስትጽፊልኝ ጢሜ ይሸብታል። ገና ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። አንቱታው ለእህቴ፣ ለእትዬሽ ያምርባታል፤ እሷ ስትወለድም አዋላጇን ሳትቆጣ አልቀረችም።

የጥያቄሽ መልስ፣ አይጠፋም። ሲዲ ላይ በጨረር የተጻፈ ነገር እንደ ክትባት ጠባሳ ነው፤ እዚያው ኖሮ እዚያው ያረጃል። ካልሰበርሽው፣ ፀሐይ ላይ ካላሰጣሽው፣ ወይም እህቴ ተናዳ እትብት መቁረጫዋን ካላነሳችበት በቀር የትም አይሄድም። በየሦስት ወሩ አዲሶቹን ልደቶች ስትጨምሪ ወረቀቴ ላይ በጻፍኩልሽ መሠረት ከሆነ፣ ምን አስጨነቀሽ?

እኔ ደህና ነኝ። መሥሪያ ቤቱ ሰፊ ነው፤ ይሞቃልም። የምኖረው ከአንድ ቀለም ቀቢ ጋር ነው። ክፍላችን ከመጥበቧ የተነሳ እሱ ሲያስነጥስ የእኔ ብርድ ልብስ ይገለጣል። የሥራ ጫማው ክፍሏ ስለማትችለው ውጭ በር ላይ ነው የሚያድረው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የልደት ገጼን ከሲዲው ላይ አትመሽ፣ እህቴ ፈርማና ማህተም አድርጋ፣ ላኪልኝ። መዝገብ አንድ፣ ገጽ ሦስት። ለመኖሪያ ፈቃድ እድሳት ይፈልጉታል፤ የተለመደ ነገር ነው። ቸኩዬ አይደለም፤ ብትቸኩዪልኝ ግን ደስ ይለኛል።

ጋሼ ያልሽው ወጣት


የካቲት 6 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንደምን ከርመዋል? ብርዱ አይክበድብዎ፤ የሠሩበት ይባረክ፤ ክፉ ዓይን አይይዎ። ደብዳቤዎ ከትናንት ወዲያ ደረሰኝ። ስለ ሲዲው የጻፉልኝን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። የክትባት ጠባሳ ያሉትን ክንዴ ላይ ያለውን እያየሁ አነበብኩት።

ገጽዎን እስካሁን አልላክሁም። የፕሪንተሩ ቀለም አልቋል። ታዟል፤ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም።

ከማን እንደተጻፈልኝ እትዬ ሲጠይቁኝ ከእርስዎ ነው አልኳቸው። እጃቸውን እየታጠቡ ነበር፤ ቧንቧውን ሳይዘጉ ቆሙ። «ካዋለድኳቸው ሁሉ የመጀመሪያዬ እኮ ነው» አሉ። «ከእኔ በፊት የነበረችው አዋላጅ ሁለት ገጽ ጽፋ ሄደች፤ ሦስተኛው ላይ እሱ መጣ። ጠቁሮ ነው የተወለደ፣ ድምፅም የለው። ጀርባውን ስመታው ስመታው፣ እሱ ሳያለቅስ እኔ አለቀስኩ። ስሙን ስጽፍ መስመር ለቅቄያለሁ።» ከዚያ «ገጹን አንድ ቀን አሳዪኝ፤ የእጅ ጽሑፌን ልይበት» አሉኝ። እሺ አልኩ።

ትናንት ደግሞ አንዲት እናት ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። ልጇን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ የልደት ወረቀት ትፈልጋለች። ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አንዱ ካልሲዋ ቢጫ፣ አንዱ ነጭ ነበር።

«ዛሬም ማሽኑ ታሟል?» አለችኝ።

«ለሳምንት ይምጡ።»

«ሳምንት ስትዪኝ ወር ልደፍን ነው። ለመሆኑ የምትጠራጠሪው መወለዷን ነው? ይቻት፣ ቆማ የለም እንዴ! ከፈለግሽ ቆንጥጫት ታልቅስልሽ።»

ልጅቷ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች። ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች ሳቁ። እትዬ ከማዋለጃው ክፍል ብቅ ብለው «ምንድነው እሱ?» አሉ።

«ምንም» አልኩ።

እናትየዋ ዞር ብላ አየችኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳየች አላውቅም፤ ለእትዬ ምንም ሳትነግራቸው የልጇን እጅ ይዛ ወጣች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሩ በተከፈተ ቁጥር የተደረደረውን ካርድ እንደገና መደርደር እጀምራለሁ።

ቀለሙ ሲመጣ እጽፍልዎታለሁ።

የካርድ ክፍሏ ልጅዎ


የካቲት 17 ቀን

ለልጃችን፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ለእህቴም። ዛሬ ምርቃቱ አጭር ነው፤ ይቅር በይኝ።

ቀለሙ መጣ?

ቀለም ቀቢው ከሄደ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ሁለት ሰዎች ዝርዝር ይዘው በየበሩ እያንኳኩ ደረጃውን ወጡ። እሱ ውኃ ሊቀዳ ወርዶ ደረጃው ላይ አገኙት፤ በሸበጥ ነበር። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። የነገረኝ የታችኛው ፎቅ ሽማግሌ ነው፤ እሱም ነግሮኝ በሩን ዘጋው፣ ከዚያ ወዲህ ሰላም አይለኝም። የቀለም ቀቢው የሥራ ጫማ አሁንም በር ላይ ነው። ባነሳው አንድ ሰው ብቻ እንደቀረ ያውቃሉ፤ ባላነሳው ሁለት ሰው አለ ብለው ይመለሳሉ። ከጫማ ጋር ስከራከር ነው የምውለው።

ከእንግዲህ ወደ ክፍሌ አትጻፊ። ፖስታው ጀርባ ላይ ያለውን አድራሻ ተጠቀሚ፤ ዳቦ ቤት ነው። ለምን ዳቦ ቤት እንደሆነ ለጊዜው አትጠይቂኝ።

ቀጠሮዬ ሚያዝያ 14 ነው። በዚያ ቀን የት እንደተወለድኩ የሚያሳይ ማህተም ያለበት ወረቀት ካላቀረብኩ፣ ቀለም ቀቢውን ወደወሰዱበት ነው የምሄደው። ቸኩዬ አይደለም ብዬሽ ነበር። ቸኩያለሁ።

ለእህቴ ይህን አትንገሪያት። ለእድሳት ነው ብለሽ ብቻ አስፈርሚያት። ቀለም ከሌለ ከሌላ ቦታ ተበደሪ፣ ከጠፋም በእጅሽ ገልብጪና ማህተም ይደረግበት። ብቻ ላኪው።

ጋሼሽ


የካቲት 27 ቀን

ጋሼ፣

ሰላምታውን ዛሬ ወደ መጨረሻው አደርገዋለሁ። በሰላምታ ከጀመርኩ እንደ በፊቱ እዚያው እቀራለሁ።

ቀለም አላለቀም። ፕሪንተሩ ደህና ነው። ገጽዎ ጠፍቷል። የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ የሁሉም ሰው ጠፍቷል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

የሆነውን እንደሆነው ልጻፍልዎ። ጥር 2 ቀን የሦስት ወሩን ልደቶች ሲዲው ላይ ልጨምር ነበር። ስድስተኛው ዙር መሆኑ ነው፤ አራቱን ከእርስዎ ጋር፣ አምስተኛውን ብቻዬን ጽፌ በሰላም አልፏል። ሲዲውን ከትቼ በወረቀትዎ መሠረት ሁለቱን ቁጥሮች ጠየቅሁ፤ የመጨረሻው ዙር ከየት እንደጀመረ፣ አዲሱ ከየት እንደሚጀምር የሚነግሩትን። ሰጠችኝ፤ ደብተሬ ላይ ጻፍኳቸው። ከዚያ ሲዲውን አውጥቼ ቁም ሳጥኑ ውስጥ መለስኩትና ቁልፉን ለእትዬ አስረከብኩ።

ለምን እንዳወጣሁት እንዲገባዎ ልንገርዎ። እትዬ የክትባት ብልቃጥ ስናነሳ ያስተማሩን እንደዚያ ነው። የምትፈልጊውን በመርፌ ቅጂ፣ ብልቃጡን ወደ ቀዝቃዛው ሳጥን መልሺ፣ ቆልፊ፣ ቁልፉን አምጪ፣ ከዚያ ወደ ሥራሽ። በኅዳር አንድ ሰውዬ የአንዲትን ልጅ አባት ስም ካላየሁ ብሎ ካርድ ክፍሉን ከበረበረ ወዲህ ለሲዲውም ቁልፍ ተሠራለት። እትዬ ሁለተኛ ቅጂ እንዳይኖር የከለከሉትም ያኔ ነው፤ የስንት ሴት ምስጢር በየመሳቢያው አይበተንም አሉ። ቁልፉን ባንገታቸው ያንጠለጥሉታል። እኔም ቁጥሮቹን አገኘሁ፤ ስለዚህ ሲዲውን እንደ ብልቃጡ መለስኩት።

ቀጥዬ የማዘጋጃውን ትእዛዝ ጻፍኩ፤ አዲሶቹን ገጾች አንድ ላይ ጠቅልሎ ለመጻፍ የሚያሰናዳውን። ከቁጥሮቹ በኋላ ትልቁ ኤም የሚባለው የእንግሊዝኛ ፊደል አለ፤ ከጎኑ የሲዲ መክተቻው ስም። ማሽኗ ሲዲ የለም አለችኝ። እንደገና ጻፍኩ። የለም አለች። ቁልፉን ልጠይቅ ወደ ማዋለጃው ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ውስጥ አንዲት ሴት ታምጣለች። እትዬ ዞር ሳይሉ «ማነው እዚያ የተገተረው?» አሉ።

«ማንም» አልኩ። ተመለስኩ።

ከዚያ ትልቁን ኤምና ከጎኑ ያለውን አጠፋሁት። ማሽኗ ዝም ብላ ሠራች፤ የተስማማች መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ ቁልፉን ተቀብዬ ሲዲው ላይ ጻፍኩት። ስጨርስ ከፍቼ አየሁ። ሃያ ሦስት ገጽ ብቻ፤ የሦስት ወሩ። መዝገብ አንድ የለም። ሁለት የለም፣ ሦስት የለም፣ አራት የለም። አምስተኛው ዙርም የለም። አውጥቼ በልብሴ ጠረግሁት፤ መልሼ ከተትኩት። ሃያ ሦስት። ማሽኗ ላይ ደግሞ ቦታ ስለማይበቃ የድሮዎቹን በየዙሩ አጥፍተናል።

ከእኔ በፊት ካርድ ክፍል የነበረችውን ልጅ ያስታውሷታል? ሁለት ብልቃጥ ሰብራ ስብርባሪውን አበባ ማስቀመጫ ሥር የቀበረችውን። እትዬ በዚያው ቀን ሻንጣዋን አስያዟት። «የሰበረችውን አይደለም፣ የደበቀችውን ነው» አሉ። እኔ ደግሞ ከደበቅኩ ሃምሳ አምስት ቀኔ ነው፤ እቆጥረዋለሁ። ሻንጣም የለኝም፤ እትዬ ሊያሳድጉኝ ሲያመጡኝ የያዝኩት የእሳቸውን ሻንጣ ነው።

በእጅ ገልብጪው ብለውኛል። ከምን ላይ ልገልብጠው? አንዴ ከልቤ ፈጥሬ ልጽፈው ወረቀት አውጥቼ ነበር። የተወለዱበት ሰዓት የሚለው ጋ ስደርስ አቆምኩ።

ዝርዝር ይዘው ደረጃ የሚወጡት ሰዎች እኔን ቢወስዱኝ ፍትሕ ነበር። ሰላምታው ይኸው፤ ሰላም ያድርግዎ። ሌላ ምርቃት አፌ ላይ አልመጣ አለኝ።

የካርድ ክፍሏ


መጋቢት 12 ቀን

ለልጃችን፣

ጤና ይስጥልኝ። ቁጭ በይ። ቆመሽ አታንብቢው።

ገጾቹ አልጠፉም።

ደብዳቤሽን የዱቄት ከረጢት ላይ ተቀምጬ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ ልቤ ቀጥ አለ። ሁለተኛ ሳነበው ሳቅሁ፤ ጋጋሪው «ማን ሞተ ብለውህ ነው እንዲህ የምትስቅ?» አለኝ። ሦስተኛ ጊዜ ግን በራሴ አፈርኩ። ወረቀቴ ላይ «ጽፈሽ እስክትጨርሺ ሲዲው ከማሽኑ አይውጣ» የሚል የለም። ማን ያወጣዋል ብዬ። የእህቴን ቤት ረሳሁት።

አሁን ስሚኝ። አዲስ ዙር በጻፍሽ ቁጥር ማሽኗ አዲስ ማውጫ ትጽፋለች። ሲዲው ሲከፈት የሚታየው የመጨረሻው ማውጫ ብቻ ነው። የትልቁ ኤም ሥራ «የድሮውን ማውጫ አንብበሽ ከአዲሱ ጋር ቀላቅዪ» ማለት ነው፤ ለዚህ ነው ሲዲውን የጠየቀችሽ። እሱን ስታወጪው አዲሱ ማውጫ ሃያ ሦስቱን ገጽ ብቻ አወቀ። የቀሩት እዚያው የተጻፉበት ቦታ ላይ ናቸው። ስማቸውን የጠራ ስለሌለ ዝም ብለው ተቀምጠዋል፤ አንቺ ካርድ ክፍሉ ውስጥ እንደምትቀመጪው ማለት ነው።

ማሽኗን «የመጨረሻውን ተዪው፣ አምስተኛውን ዙር ክፈቺ» ማለት ይቻላል። ትእዛዙን በሌላ ወረቀት ጽፌ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። አምስት ብለሽ እምቢ ካለችሽ ወይም ያንኑ ሃያ ሦስት ካሳየችሽ አራት በዪ፤ አንዳንዷ ማሽን መቁጠር የምትጀምረው ከዜሮ ነው። እስከዚያ ድረስ ሲዲው ላይ አንዲት ነጥብ እንዳትጽፊ።

ቀጥሎ የምጽፈውን አልወደውም።

ትእዛዙን የጻፍኩት በቃሌ ነው። እዚህ ከመጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ፤ ኪቦርድ በእጄ አልነካሁም። መሥሪያ ቤቱ ይሞቃል ያልኩሽ ምድጃ ስላለው ነው። ዱቄት እሸከማለሁ። ፈቃድ ይታደስልኛል ያልኩሽም ውሸት ነው፤ የሚታደስ የለኝም፣ ገና አሁን ነው የምጠይቀው። እናንተ ዘንድ ማሽን ላይ ስሠራ የኖርኩትን ሰው ዳቦ ቤት ውስጥ እንዳታስቡኝ ብዬ ነው። እንግዲህ ትእዛዙን ዳቦ ማቀዝቀዣው ጠረጴዛ ላይ በጣቴ በዱቄት እየጻፍኩ፣ እያጠፋሁ፣ አራት ቀን ሞከርኩት። ልክ ይመስለኛል። «ይመስለኛል» የሚለውን ልብ በዪ።

ሌላው፣ ያ ትእዛዝ ያለ ዋናው የይለፍ ቃል አይሠራም። አንቺ የምታውቂው ለመጻፍ ብቻ ነው የሚበቃው። ዋናውን ቃል ስሄድ በታሸገ ፖስታ ለእህቴ ሰጥቻታለሁ። «እኔ ሳላውቅ የማንም እናት ስም እንዳይከፈት» ስላለችኝ ለራሴም አላስቀረሁም። ስለዚህ ያለ እሷ መንገድ የለም። ብዙ አሰብኩበት፣ የለም።

ለእህቴ አትንገሪ ያልኩትን መልሼ ወስጃለሁ። እኔ ራሴ ልጽፍላት አስቤ ነበር፤ «እህቴ ሆይ» ብዬ ጀምሬ እዚያው ላይ ቀረሁ። አንቺ በር ላይ ቆመሽ «ማንም» እንዳልሽው መሆኑ ነው። አንቺ ግን አጠገቧ ነሽ።

የቀለም ቀቢው ጫማ ትናንት የለም። ማን እንዳነሳው አላውቅም። ወደ ክፍሉ ካልተመለስኩ ሁለት ቀኔ ነው፤ ዕቃ ማከማቻው ውስጥ ቦታ ሰጥተውኛል።

ጋሼሽ


መጋቢት 23 ቀን

ለጋሼ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ያሉበት ዕቃ ማከማቻ በሩ ጠንካራ ይሁን፤ የሚያንኳኳው ሁሉ ዳቦ ፈላጊ ብቻ ይሁን።

ደብዳቤዎ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ቁጭ በዪ ስላሉኝ አግዳሚው ላይ እርጉዞቹ መካከል ተቀምጬ አነበብኩት። «ገጾቹ አልጠፉም» የሚለው ጋ ስደርስ አጠገቤ ያለችው ሴት ውኃ አመጣችልኝ። ምጥ የያዘኝ መስሏት «ስንት ወርሽ ነው የኔ እናት?» አለችኝ። ውኃውን ጠጣሁላት፤ አሁን ሳስበው አዎ ያልኩ መስሏት ይሆናል።

ደስ ያለኝ ለትንሽ ጊዜ ነው። ከዚያ ስለ ፖስታው ያለውን አነበብኩ።

ዛሬ ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ። መጀመሪያ እትዬ መሣሪያ ሲቀቅሉ አጠገባቸው ሄድኩ። «ምን ፈለግሽ?» አሉኝ። «ሳሙና» አልኩ። ሳሙና በእጄ ይዤ ነበር። እትዬ ሳሙናውን አዩት፤ እኔን አዩኝ፤ ሌላ ሳሙና ሰጡኝ። ሁለተኛ ከምሳ በኋላ ደረጃውን ሲወጡ ከኋላቸው ተከተልኩ። ግድግዳውን ይዘው ቆመው ትንፋሻቸውን ይሰበስቡ ነበር። እንዳየኋቸው እንዳያውቁ ብዬ ተመለስኩ። ሦስተኛ አልሞከርኩም።

የምፈራው እንዳያባርሩኝ ብቻ አይደለም፤ ያንንማ ለምጄዋለሁ፣ ሃምሳ አምስት ቀን ያልኩዎ ሰማንያ አንድ ሆኗል። አሁን የምፈራው ፖስታው ተከፍቶ፣ ቃሉ ተጽፎ፣ እትዬ ከኋላዬ ቆመው፣ ማሽኗ ያንኑ ሃያ ሦስት ብታሳየንስ የሚለውን ነው። እስካሁን ጠፍቷል ብዬ ነበር የምፈራው። አሁን ደግሞ ይገኝ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ፤ ይሄኛው የባሰ ነው። አራትም አምስትም እምቢ ቢሉኝ ሦስትን እላለሁ፣ ሁለትን እላለሁ፣ አንድን እላለሁ። የእርስዎ ገጽ አንደኛው ዙር ላይ ስላለ አንዱም ይበቃኛል።

ቀኑን ቆጥሬዋለሁ። የፖስታ መኪናው ሐሙስ ብቻ ነው የሚመጣው። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ገጽዎ በዚህ ሐሙስ ከሄደ ሚያዝያ 5 ይደርስዎታል። የሚቀጥለውን ካልን ሚያዝያ 12 ነው፤ መኪናው አንድ ጎማ ቢተነፍስበት አለቀ። ስለዚህ ነገ ነው። ከነገ ሌላ የለም።

ይህን ደብዳቤ ዛሬውኑ ሳጥኑ ውስጥ እከተዋለሁ። ሳጥኑ ውስጥ የገባ ደብዳቤ አይወጣም፤ ቁልፉ ፖስተኛው ጋ ነው። ሐሙስ ከእርስዎ ገጽ ጋር በአንድ ጆንያ ይሄዳሉ። ሁለት ፖስታ ከደረሰዎ ሆኗል ማለት ነው። ይህ ብቻውን ከደረሰዎ ግን አልተናገረችም ብለው እንዳይጠረጥሩኝ፤ ተናግሬ ማሽኗ እምቢ ብላለች ማለት ነው፤ ሌላ ቦታ ይደበቁ። ይህን ጽፌልዎ ሳልናገር ብቀር ደግሞ ሁለት ጊዜ የዋሸሁት ለእርስዎ ይሆናል።

ነገ እትዬ የሚገቡት በአንድ ሰዓት ነው፤ እርጉዞቹ መምጣት የሚጀምሩት ከግማሽ ሰዓት በኋላ። ወንበር አውጥቼ ማዋለጃው በር ላይ አስቀምጥላቸዋለሁ፤ ወገባቸው ስለሚያማቸው ቁጭ ብለው ይስሙኝ። ቁልፉን አልጠይቃቸውም፤ ፖስታውን ነው የምጠይቃቸው። ለምን ሲሉኝ የመጀመሪያው ቃሌ «እትዬ፣ ደብቄዎታለሁ» ይሆናል፤ ያጠፋሁትን ከዚያ በኋላ እነግራቸዋለሁ። ማነው እዚያ የተገተረው ካሉኝ ደግሞ፣ እኔ ነኝ እላለሁ።

የእህትዎ ልጅ